የአሊዪ ጠረጴዛ

እትዬ አበራሽን ያለ ሻሽ ያየ የሸዋ ሮቢት ሰው አልነበረም። ማክሰኞ ጠዋት ግን ሻሽ የለ፣ ጫማ የለ፣ ከ«ቆላ እረፍት» ሆቴላቸው ደጃፍ ቆመው ሲጮኹ ግማሹ ከተማ አያቸው። የባጃጅ ነጂዎች ሞተር ሳያጠፉ ወረዱ፤ ቲማቲም ጫኞች ሣጥናቸውን አስቀምጠው መጡ። ሁሉም የሮጠው ሰው ሞቷል ብሎ ነው። የተሰረቀው የሳሎኑ ጠረጴዛ መሆኑን ሲሰሙ ግን የሳቀ አልነበረም፤ ያን ጠረጴዛ ሁሉም ያውቀዋላ።

የማታውቀው ኢንስፔክተር ኤልሳቤጥ ዳኜ ብቻ ነበረች። ደብረ ሲና ተወልዳ በጉምና በብርድ ያደገች ሴት ናት፤ ወደ ቆላ ከወረደች ዓመት አልሞላትም፤ ሙቀቱም ገና አልታረቃትም። ላቧን በመሀረብ እየጠረገች፣ ለአንድ ጠረጴዛ ይህ ሁሉ ለቅሶ ምንድን ነው ብላ ሳጅን በድሩን በሹክሹክታ ጠየቀችው።

በድሩ የይፋት ልጅ ነው፤ በአካባቢው የማያውቀው ሰውም የማያውቀው ወሬም የለም። እትዬ አበራሽ እንዳይሰሟት በዓይኑ አስጠነቀቃትና ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ትልቅ ፎቶ ወሰዳት።

ፎቶው ሆቴሉ የተመረቀ ዕለት የተነሳ ነው። እትዬ አበራሽ ገና ወጣት ሆነው ከሟች ባለቤታቸው ጎን ቆመዋል፤ ከፊታቸው ጠረጴዛው አለ። ከአንድ የዋንዛ ግንድ የወጡ ሁለት ጎባጣ እንጨቶች፣ አንዱ ቀጥ ብሎ ሌላው ተገልብጦ፣ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈዋል። ሚስማር የላቸውም፤ ኮላ አልነካቸውም። በላያቸው አውራ ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው መስታወት እንዲሁ ተቀምጧል፤ ቅርጹ የእንቁላል ነው፣ ጠርዙም ተሞርዶ ለስልሷል። እንጨቶቹ መስታወቱን ይሸከማሉ፤ መስታወቱም በክብደቱ እንጨቶቹን አጥብቆ ይይዛቸዋል። ኤልሳቤጥ የቤት ዕቃ ነገር ብዙም አይገባትም፤ ይህን ግን ወደደችው።

ሠሪው አሊዪ የሚባል የአርጎባ ሰው ነበር፤ በአናጢነቱ ከካራቆሬ እስከ ደብረ ሲና የታወቀ። እሱ ካረፈ ቆየት ብሏል። ልጁ ሀሩን ሙያውን ወርሶ ከገበያው ማዶ ይሠራል።

ፎቶውን አይታ ዘወር ስትል፣ አንድ መልከ መልካም ጎልማሳ የተሰባበረ መስታወት ጠርጎ ጆንያ ውስጥ ሲከት አገኘችው። ኤፍሬም ይባላል፤ የእትዬ አበራሽ የእህት ልጅ ነው። እናቱ ስትሞት እሳቸው አሳደጉት፤ አሁን ሆቴሉን የሚያስተዳድረው እሱ ነው፤ በጎን ማሾ ይነግዳል። ኤልሳቤጥ ማን ጥረግ እንዳለው በቁጣ ጠየቀችው። እንግዶች እግራቸውን እንዳይቆረጡ ብሎ መሆኑን ተናግሮ ይቅርታ ጠየቀ፤ አጠያየቁም የሚያስቆጣ አልነበረም። ጆንያውን ነጥቃ ለበድሩ ሰጠችው።

ኤፍሬም እንደሚለው ሌባው መስታወቱን ሲያነሳ አምልጦት ተሰበረ፤ ደንግጦ እንጨቱን ብቻ ይዞ በጓሮ አጥር ዘለለ። «እንጨቱን ብቻ ማን ይፈልገዋል?» አለ። ዓይኖቹ ግን ከሳሎኑ በር ሥር ወደተቀመጠ የአናጢ ቦርሳ ሄዱ። በሩ ከማጠፊያው ተነቅሎ ግድግዳ ተደግፏል፤ ትናንት ሊጠግነው የመጣው ሀሩን ነበር።

ለእትዬ አበራሽ ያ በቂ ነበር። ሀሩን የአባቱን ሥራ እንዲሸጡለት ስንት ጊዜ እንደለመናቸው፣ እሳቸውም እስኪሞቱ ከዚህ ቤት እንደማይወጣ ስንት ጊዜ እንደመለሱለት ሕዝቡ እየሰማ ዘረዘሩ። «ሌላ ማንም አይደለም። ሌባው ሀሩን ነው» አሉ። ቃሉ ከአፋቸው ወጥቶ ኤልሳቤጥ ማስታወሻ ሳታወጣ ገበያ ደረሰ።

እሷ ግን ሥራዋን ቀጠለች። ዘበኛው ጋሽ ዓለሙ አልጋቸውን ከዋናው በር ሥር አንጥፈው እንዳደሩ፣ ቁልፉ ከኪሳቸው እንዳልወጣ ተናገሩ። ሊነጋጋ ሲል የሆነ ነገር ሲሰበር ሰምተው ድመት ወጥ ቤት ገባች ብለው ተዉት፤ ይህን ሲናገሩ ዕድሜ የሰጣቸውን አምላካቸውን ሳይቀር ያፈሩት ይመስላሉ። ኤፍሬም ደግሞ ክፍሉን ዘግቶ፣ ቬንትሌተሩን ከፍቶ እንደተኛ፣ በቬንትሌተሩ ድምፅ ምንም እንዳልሰማ ቃሉን ሰጠ። ኤልሳቤጥ ጻፈችው። ያን ጊዜ ምንም አልከነከናትም።

*

የሀሩን መሥሪያ ቦታ ቆርቆሮ ጣራና ሦስት ግድግዳ ነው። ሀሩን ፖሊሶቹን ሲያይ መላጊያውን አስቀምጦ ተነሳ፤ ቦርሳውን ያመጡለት መስሎት ሊያመሰግን ነበር። በድሩ ከጥግ የተጣለውን ሸራ ገለጠ። ከሥሩ ጎባጣ የዋንዛ እንጨት ወጣ፤ ከፎቶው ላይ ያለውን አንዱን ወገን ቁርጥ።

«ወላሂ፣ የራሴ ሥራ ነው» አለ ሀሩን። «ለቤቴ ነው የምሠራው። አርብ ኒካሄ ነው።»

ኤልሳቤጥ የኋላ ኋላ ስታስበው፣ እንጨቱን እዚያው ረጋ ብላ ማየት ነበረባት። ያን ጊዜ ግን ሙቀቱና የጣቢያው አዛዥ ስልክ አጣደፏት። እንጨቱን በፒካፑ ኋላ፣ ሀሩንን ከእንጨቱ አጠገብ አስቀምጣ፣ ገበያውን አቋርጣ ወደ ጣቢያ ነዳችው። ሰው ዳርና ዳር ቆሞ አየ። ከዚያ በኋላ ሀሩን ሌባ ለመሆን ፍርድ ቤት መሄድ አላስፈለገውም።

*

ምሳዋን ልትበላ ቤቷ ስትገባ ሰላም ያላት አልነበረም። የተከራየችው ከእትዬ ዘይቱና ግቢ ነው፤ እትዬ ዘይቱና ሌላ ቀን ቢሆን «ኤልሲ፣ ቀጠንሽ» ብለው ሳህን ይዘው ይመጡ ነበር። ዛሬ ጀርባቸውን ሰጧት። ልጃቸው ሐያት ከበረንዳው ምሰሶ ሥር ተቀምጣለች፤ ዓይኗ አብጧል። ሀሩን ሊያገባ የነበረው እሷን ነው፤ ኤልሳቤጥም የጥሪ ወረቀት ደርሷት ነበር። ገበያውን አቋርጣ ስትነዳ ግን ይህ ለአፍታ እንኳ ትዝ አላላትም።

የሐያት አጎት ጋሽ ሰዲቅ ከግቢው መሀል ቆመዋል። አባቷ በሕይወት ስለሌሉ የሚድሯት እሳቸው ናቸው፤ ቃላቸው አጭር፣ አንዴ ከወጣም የማይመለስ ሰው ናቸው።

«ኢንስፔክተር፣ ሥራሽን ሠራሽ፤ አልወቅስሽም» አሏት። «እኔም የእኔን እሠራለሁ። ገበያ ሌባ ላለው ሰው የወንድሜን ልጅ አልሰጥም። እስከ አርብ ስሙ ከጸዳ ጸዳ፤ ካልሆነ ድንኳኑ ይፈርሳል።»

ሄዱ። እትዬ ዘይቱና የሐያትን የሙሽራ ሣጥን ከክፍል አውጥተው በረንዳው ሥር መሬት ላይ አስቀመጡት። ከዚያ አመድ በድስት ክዳን አምጥተው በሣጥኑ እግሮች ዙሪያ መነስነስ ጀመሩ። ኤልሳቤጥ ዝምታው ስለከበዳት ብቻ ምን እያደረጉ እንደሆነ ጠየቀች።

«ሠርጉ ቢቀር እንጨቱን ምስጥ አይብላው» አሉ። «በእኛ አገር እንጨት ያለ አመድ መሬት ላይ አያድርም። አንድ ሌሊት ይበቃዋል።» የተናገሯት ይህችን ብቻ ነበር። ምሳዋን አልበላችም።

*

ረቡዕ አዛዡ ጠርቶ ፋይሉን እንድትዘጋ ነገራት፤ ተጠርጣሪ አለ፣ ዕቃ አለ፣ ምን ትጠብቂያለሽ አላት። አንድ ቀን ለመነችው፤ እየተነጫነጨ ሰጣት።

መጀመሪያ ያሳደደችው የአዲስ አበባውን ሰው ነው። እትዬ አበራሽ እንደነገሯት፣ ከወር በፊት አንድ የድሮ ዕቃ ሰብሳቢ ወደ ኮምቦልቻ ሲያልፍ ሆቴሉ አድሮ፣ ጠረጴዛውን በስልኩ ዙሪያውን አንስቶ፣ ካልሸጣችሁልኝ ብሎ ነፍሳቸውን ሊያወጣ ደርሶ ነበር። ስልኩ ዝግ ሆነ። በድሩ ግማሽ ቀን ሲደውል ውሎ፣ ሰውየው ከእሑድ ጀምሮ ኮምቦልቻ እንዳለ፣ ሰኞም እዚያው እንዳደረ ካረፈበት ሆቴል አረጋገጠ። ኤልሳቤጥ ያን በር ዘጋችው።

ከዚያ ወደ ኤግዚቢት ክፍል ገብታ የሀሩንን እንጨት ብቻዋን አየችው። ቀለሙ ገና ፈዛዛ ነው፤ ስታሸተው ትኩስ ዋንዛ ይሸታል። በሳሎን ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ ሲወለወል የኖረ እንጨት እንዲህ አይሸትም። በጥፍሯ ስትጭረው ዱቄቱ ጥፍሯ ውስጥ ቀረ። ልጁ እውነቱን ነው የተናገረው። ሆኖም ይህ ሀሩን ሌላ እንጨት እንደሠራ ያሳያል እንጂ የአባቱን እንዳልሰረቀ አያሳይም፤ አዛዡም ይህንኑ እንደሚላት ታውቃለች።

ታስሮ ወዳለበት ሄዳ የአባቱን የሚመስል እንጨት ለምን እንደሠራ ጠየቀችው። ሀሩን ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል።

«አባቴ እንጨቱን እንዴት እንደሚያጋጥም ሳያስተምረኝ ሞተ» አላት። «ሳሎኑ የምመላለሰው ለዚያ ነበር፤ በር ጠግን ሲሉኝ ደስ የሚለኝ ለዚያ ነው። እያየሁ ተማርኩት። እትዬ እንደማይሸጡልኝ ሳውቅ የራሴን ልሥራ አልኩ። መስረቅ ብፈልግ መሥራት ምን አደከመኝ?»

ኤልሳቤጥ ቢሮዋ ተመልሳ ጠረጴዛዋ ላይ ጋዜጣ ዘረጋችና የመስታወቱን ጆንያ ገለበጠች። ከማክሰኞ ጀምሮ ጥግ ተወርውሮ የነበረ ጆንያ ነው፤ የተሰበረ መስታወት የተሰበረ መስታወት ነው ብሎ ማንም አልነካውም። ስብርባሪውን አንድ በአንድ ማሰለፍ ጀመረች። ጣቷን ቆረጣት፤ መጥጣው ቀጠለች። በድሩ ሻይ ይዞ ሲገባ ኤልሳቤጥ ሁለት ቁራጭ በሁለት እጇ ይዛ ቆማ ነበር፤ ፊቷ በርቷል።

«በድሩ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

በድሩ አየ። ቁራጩ ጥግ አለው፤ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ፣ እጅን የሚወጋ ጥግ። ሌላውም እንዲሁ። «ማዕዘን» አለ።

«የእትዬ አበራሽ መስታወት ስንት ማዕዘን አለው?»

በድሩ ሻዩን አስቀመጠ። የእንቁላል ቅርጽ ያለው መስታወት ማዕዘን ከየት ያመጣል። ደግሞም ይህ ስስ ነው፤ ያኛው አውራ ጣት ያህላል። ኤልሳቤጥ ሌላ ቁራጭ አነሳች። በጠርዙ ላይ መስኮት ሲያጣብቁ የሚቀቡት ነገር ደርቆ ተጣብቋል፤ በላዩም አረንጓዴ ቀለም ነክቶታል። የቆላ እረፍት ሆቴል መስኮቶች በሙሉ አረንጓዴ ናቸው።

እንግዲህ የተሰበረው የመስኮት መስታወት ነው። የጠረጴዛው መስታወት ደኅና ነው ማለት ነው፤ ሌባው ሙሉውን ጠረጴዛ ወስዶ፣ እንጨቱን ብቻ የወሰደ ለማስመሰል ሌላ መስታወት ሰብሮ ተወ። እንጨቱን ብቻ የሚፈልግ ሰው በከተማው አንድ ነው፤ ሀሩን። ይህን አስቦ የሠራ ሰው ሀሩንን ያውቃል፣ ሆቴሉን ያውቃል፣ መስታወት ከየትኛው መስኮት ቢነቀል እንደማይታይም ያውቃል። በድሩ ወዲያው ሄዶ የሆቴሉን ክፍሎች ዞረ፤ ከጀርባ፣ ሰው ከማይከራየው ክፍል፣ አንድ መስኮት ባዶ ፍሬም ሆኖ አገኘው።

«የቤት ሰው ነው» አለ ሲመለስ። «ግን ማን? ወጥ ቤቱም፣ አልጋ አንጣፊዋም፣ ጋሽ ዓለሙም የቤት ሰው ናቸው።»

*

መልሱን ያገኘችው ሐሙስ ጠዋት ሲሆን፣ የሰጧትም እትዬ ዘይቱና ናቸው፤ ምን እንደሰጧት ግን አላወቁም። ኤልሳቤጥ ፊቷን ታጥባ ስትወጣ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ያላናገሯት ሴትዮ በረንዳውን እየጠረጉ መንገዳቸው ላይ የተጋደመውን ፍራሿን በመጥረጊያው መታ መታ አደረጉት።

«ይሄን ፍራሽሽን አስገቢው እንጂ። መብራት ከመጣ ስንት ጊዜው፤ አሁንም የሰኞው ቦታ ላይ ነው።»

ኤልሳቤጥ ፎጣውን እንደያዘች ቀረች። ሰኞ ሰው ሊተኛ ሲል የጠፋው የከተማው መብራት እስከ ረፋድ አልመጣም ነበር። እሷ ራሷ ላብ ሲያጥባት ፍራሿን ጎትታ በረንዳ ላይ አደረች፤ እትዬ ዘይቱናም፣ ሐያትም፣ የጎረቤቱም ሰው ሁሉ ደጅ አደረ። በሰኔ ሙቀት፣ ያለ ቬንትሌተር፣ ክፍሉን ዘግቶ የሚያድር የሸዋ ሮቢት ሰው የለም። ኤፍሬም ግን በቬንትሌተሩ ድምፅ ምንም አልሰማሁም ብሏል። የማይዞር ቬንትሌተር ምን ድምፅ አለው? ሌሊቱን በባትሪ ሥራ ላይ ስለነበር መብራቱ መጥፋቱን ልብ አላለም፤ የሁልጊዜውን ሌሊት ነው የተናገረው። እሷም ጆሮዋን ዘግታ ጻፈችው። በራሷ ተናደደች፤ ከንዴቷ ይልቅ ግን ደስታዋ በለጠ። እትዬ ዘይቱናን ጉንጫቸውን ስማ፣ እሳቸው አፋቸውን ከፍተው ሲያይዋት ሮጠች።

ጋሽ ዓለሙ የሰኞ ሌሊቱን መብራት መጥፋት አረጋገጡላት። ኤፍሬምንም ደጅ እንዳላዩት፣ አልጋውም እንደ ሌላው ሰው ግቢ እንዳልወጣ ነገሯት። ጠረጴዛው ግን የት አለ? ዋናው በር ተቆልፎ ነበር፤ ያን ከባድ መስታወት ይዞ ደግሞ አጥር የሚዘል የለም። ስለዚህ ዕቃው ከግቢው አልወጣም። ከሆቴሉ ጀርባ በትንሽ በር የሚገናኝ የኤፍሬም ማሾ መጋዘን አለ።

*

ኤፍሬም መጋዘኑን ያለ ማንገራገር ከፈተ። እንዲያውም ቀልድ ጣል አደረገ፤ ፖሊስ ማሾ ሊገዛ ከመጣ ዋጋ እቀንሳለሁ አለ። ኤልሳቤጥ እትዬ አበራሽን ሆን ብላ አስጠርታቸው ነበር፤ ከበሩ ቆመው ምን እንደተፈለገ አልገባቸውም።

መጋዘኑ ወለሉ አፈር ነው። የማሾ ጆንያዎች ድንጋይ ላይ በተነጠፈ ሸራ፣ በአምስት ክምር፣ እስከ ጣራው ድረስ ተደርድረዋል። በድሩ በባትሪ በየመሀላቸው አየ፤ ጆንያ ብቻ። ኤፍሬም ፈገግ እንዳለ ነው። ኤልሳቤጥ ዙሪያውን ሄደች፤ ጆንያ ነካች፤ ሌላም ነካች። ተስፋ ቆርጣ ልትወጣ ስትል በስተጥግ ካለው ክምር ሥር ጫማዋ ግራጫ ሆነ። ጎንበስ ብላ በጣቷ ነካችው። አመድ ነው። ክምሩን ዙሪያውን ከቦታል፤ የዚህ ሰሞን ነው፣ ጆንያ ጎታች እግር እንኳ ገና አልረገጠውም። ሌሎቹን አራት ክምሮች አየች፤ አንዳቸውም ሥር አመድ የለም።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለችው።

«ለነቀዝ ነው፣ ኢንስፔክተር።»

«ለነቀዝ አመድ ከእህሉ ጋር ይቀላቀላል እንጂ መሬት ላይ አይነሰነስም። ይህን ደጋም እናውቀዋለን። ነቀዝ ከሆነ ደግሞ አራቱን ክምር ለምን ተውካቸው?»

የኤፍሬም ፈገግታ ፊቱ ላይ ቀርቷል፤ ከዓይኑ ግን ጠፍቷል።

«መሬት ላይ የሚነሰነሰው ለምስጥ ነው» አለች ኤልሳቤጥ፣ ረጋ ብላ። «ምስጥ የሚመጣው ለእንጨት ነው። እንግዲህ ንገረኝ፤ ይህ ክምር ውስጥ ያለው እንጨት የምንድን ነው?»

በድሩ «ያ አላህ» አለ ቀስ ብሎ። ኤፍሬም ቆላ ተወልዶ ቆላ ያደገ ነው፤ እንጨት መሬት ላይ ሲያሳድር አመድ መነስነስን እጁ ገና በልጅነቱ ለምዶታል። ሁሉን ነገር አስቦ ነበር፤ መስታወቱን፣ መስኮቱን፣ የሀሩንን ቦርሳ። እጁን ግን አላሰበውም። ያን የመሰለ ዋንዛ ለምስጥ ጥሎ መተኛት አልቻለም።

ጆንያዎቹን ማውረድ ጀመሩ፤ ጋሽ ዓለሙ እንኳ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ገቡ። ክምሩ መሀሉ ባዶ ነበር። ውስጡ በብርድ ልብስ የተጠቀለሉ ሁለት ጎባጣ እንጨቶች፣ በሆቴሉ አንሶላ የተሸፈነ መስታወትም ቆመዋል። በድሩ አንሶላውን ሲገፍፈው ከበሩ የገባው ፀሐይ ለስላሳው ጠርዝ ላይ አበራ። አንድ ጭረት አልነበረውም። ኤልሳቤጥ ዕድሜዋን ሙሉ እንደዚያ ደስ ብሏት አያውቅም፤ መለዮዋን አውልቃ በእሷ ፊቷን አራገበች።

ኤፍሬም ሁሉንም ተናገረ። የአዲስ አበባው ሰው ጠረጴዛውን ከነመስታወቱ ካመጣህልኝ አዲስ አበባ የራስህን ሱቅ አስከፍትሃለሁ ብሎታል፤ ሀሳቡ ወሬው ሲበርድ በማሾ ጭነት መሀል ሊያሳልፈው ነበር። ሀሩንን ለምን ብለው ሲጠይቁት፣ እሱ ሰረቀ ቢባል ሰው ቶሎ ስለሚያምን ነው አለ።

ሁሉም እትዬ አበራሽ እሪ ይላሉ ብሎ ጠብቆ ነበር። እሳቸው ግን ያሳደጉትን ልጅ ፊት ለፊት አይተው፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ «መስረቅህስ ይሁን፤ የሰው ልጅ አንገት ማስደፋትን ከማን ተማርከው?» አሉት። ከዚያ እሳቸው ራሳቸው መልሱን ያወቁት ይመስላል፤ ደጃፍ ቆሞ ሌባ ብሎ የጮኸው የማን አፍ ነበር? ሻሻቸውን አጥብቀው ወጡ።

*

ሀሩን ከእስር ሲወጣ ኤልሳቤጥ ነፃ መሆኑን ነገረችው፤ ይቅርታም ጠየቀችው፤ ይቅርታ መጠየቅ ሙያዋ ባይሆንም ሳታጉረመርም ጠየቀችው። ሀሩን አመስግኖ ቆመ። አልሄደም።

«እኔስ ወጣሁ» አላት። «ስሜስ?»

ፖሊስ ወረቀት መጻፍ ይችላል፤ ገበያ ግን ወረቀት አያነብም። ነገ አርብ ነው።

መልሱን ያመጡት እትዬ አበራሽ ናቸው። መጀመሪያ ሀሩንን ወደ ሳሎኑ አስጠሩት። እንጨቶቹ መሬት ላይ ተጋድመዋል፤ የሆቴሉ ሠራተኞች ከመጋዘኑ ከወጡ ጀምሮ ሊያቆሟቸው ታግለው አቅቷቸዋል፤ አንዱ ሲቆም ሌላው ይወድቃል። ሀሩን ተንበርክኮ አንዱን አነሳ፤ ሌላውን ገልብጦ አስጠጋው፤ ትንሽ አዙሮ ለቀቃቸው። ቆሙ። መስታወቱን ከበድሩ ጋር አንስተው ሲያስቀምጡት ከበሩ የተሰበሰበው ሰው አጨበጨበ፤ ማክሰኞ ዳርና ዳር ቆሞ ያየውም ሰው ከመሀላቸው ነበር። ሀሩን እጁን መስታወቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ፤ ለመደበቅም አልሞከረም።

«ተነስ» አሉት እትዬ አበራሽ። «የምንሄድበት አለን።»

*

ጋሽ ሰዲቅ በዚያው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ደጃቸው ላይ ያዩትን ማመን አቃታቸው። እትዬ አበራሽ ከፊት ቆመዋል፤ ጋሽ ዓለሙ በቀኝ፣ በድሩ በግራ፣ ኢንስፔክተሯ ከነመለዮዋ ከኋላ። ሀሩን ራቅ ብሎ ከአጥሩ ሥር ቀርቷል። እትዬ ዘይቱናና ሐያትም እዚያው መጥተው ከመጋረጃው ኋላ ናቸው።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አሉ ጋሽ ሰዲቅ።

«አንቀመጥም» አሉ እትዬ አበራሽ። «ሽማግሌ ሆነን ነው የመጣነው። ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም።»

ጋሽ ሰዲቅ ጺማቸውን ዳሰሱ። ሴት ሽማግሌ አይተው እንደማያውቁ፣ ክርስቲያን ሴት ደግሞ ለእስላም ኒካህ ስትላክ ጭራሽ ሰምተው እንደማያውቁ ተናገሩ። እትዬ አበራሽ እንግዲያው ዛሬ ያዩ ዘንድ መምጣታቸውን ነገሯቸው። ፀሐዩ አናታቸውን ይመታል፤ ላቡ በጉንጫቸው ይወርዳል፤ አልጠረጉትም።

«ይህን ልጅ በሰው ፊት ሌባ ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ። ጎረቤቱ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ዋሸሁ። ሌባው ከጉያዬ ነበር። አባቱ ቤቴን ያስጌጠልኝን ልጅ እኔ አዋረድኩት። ስሙን ያጠፋሁት እኔ ነኝና ስሙን የምመልሰውም እኔ ነኝ። ልጃችሁን ለልጄ ስጡኝ።»

ለልጄ ሲሉ ሀሩን ከአጥሩ ሥር ቀና አለ። ጋሽ ሰዲቅ እትዬ አበራሽን አዩ፤ ኢንስፔክተሯን አዩ፤ ሀሩንን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ዞረው ወደ ቤት ገቡ። በድሩ በሹክሹክታ ቁርአን መቅራት ጀመረ። ኤልሳቤጥ እጇን አጥብቃ ጨብጣ፣ ሸዋ ሮቢት ከመጣች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙቀቱን ረስታ ቆመች።

ጋሽ ሰዲቅ በአንድ እጃቸው ወንበር ይዘው ወጡ። እትዬ አበራሽ ፊት አስቀመጡት፤ የትከሻቸውን ፎጣ አውርደው አቧራውን ጠረጉ።

«ይቀመጡ፣ እትዬ አበራሽ» አሉ።

እሳቸው ገና ሳይቀመጡ የእትዬ ዘይቱና እልልታ ከመጋረጃው ኋላ ወጣ።